ደሞዜን ትቼ በባህል ዘገባና በልብወለድ ልኑር? የሞከራችሁ ንገሩኝ

ሰኔ ሠላሳ | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ቤቶች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

29 ዓመቴ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዜና ጸሐፊ ነኝ ይባላል እንጂ ሥራዬ የኃላፊ ንግግር ማሳመር ነው። «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ»። በእነዚህ ሦስት ግሶች ብቻ አንድ ሙሉ ወር የጨረስኩበት ጊዜ አለ።

ከሥራ ውጭ ግን ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የባህል ጽሑፍ መላክ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቴአትር፣ ሥዕል፣ አዝማሪ፣ አዲስ መጽሐፍ። የሚከፈለኝ በጽሑፍ ነው። እሱም ሲከፈለኝ። ደግሞ ግማሽ ላይ የቆመ ልብወለድ አለኝ። 140 ገጽ። አራት ዓመት ሙሉ 140 ገጽ።

ሥራ ልለቅ ነው ያሰብኩት። ጠዋት ልብወለዱን፣ ከሰዓት የጋዜጣውን። እናቴ የሰማች ቀን ደም ግፊቷ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ግን በዓሉ ግርማም፣ ብርሃኑ ዘርይሁንም፣ ስብሐትም ጋዜጠኞች ነበሩ። ከጋዜጣ ቤት ነው የወጡት። ይቻላል ማለት አይደል? አበረታቱኝ አላልኩም። እውነቱን ነው የምፈልገው።

እንጀራ ይቅደም | 3፡22

የቤት ኪራይ ስንት ትከፍያለሽ?

ሰኔ ሠላሳ | 3፡24

ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው።

እንጀራ ይቅደም | 3፡31

እሺ፣ ግማሹ ተቃለለ። ግን የጠራሻቸው ሦስቱም እኮ ደሞዝተኞች ነበሩ! በዓሉ መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ሄራልድን፣ አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት ዞሮ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ድረስ የዘለቀ ሰው ነው። ብርሃኑ የኢትዮጵያ ድምፅና የአዲስ ዘመን አዘጋጅ ነበር። ስብሐትም መነንና አዲስ ዘመን ሠርቷል። ወር ሲደርስ ፔሮል ላይ ይፈርማሉ፣ ማታ ቤታቸው ገብተው ልብወለዳቸውን ይጽፋሉ። አንቺም አሁን የምታደርጊው ያንኑ ነው። ታዲያ ምኑን ነው የምትለቂው?

ቃል በቃል | 3፡40

+1። ሌላው ወሬ ነው።

የቀድሞ አራሚ | 4፡05

ልጄ ሰኔ ሠላሳ፣ እንደምን አመሸሽ። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ጋዜጣ ቤት 27 ዓመት አራሚ ነበርኩ። ፊደል ከእርሳስ ብረት ተሠርቶ በሚለቀምበት ዘመን ገብቼ በኮምፒዩተር ዘመን ጡረታ ወጣሁ።

ስለ ደሞዝ የተባለው እውነት ነው። ግን ጋዜጣ ለእነዚያ ሰዎች የሰጣቸው ደሞዝ ብቻ አይደለም። የብርሃኑን አረፍተ ነገር ልብ ብለሽ አይተሻል? አጭር ነው። በእሱ ጊዜ ብዙ ሰው አንድ አረፍተ ነገር ጀምሮ ገጽ እስኪያልቅ አራት ነጥብ አያስቀምጥም ነበር። ብርሃኑ ግን ይቆርጣል። እንደኔ እንደኔ ይህ የጋዜጣ ቤት ልማድ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጽሑፍ ከገጹ ሲተርፍ የሚቆረጠው ከታች ነው። ጊዜ የለማ! ማሽኑ እየጠበቀ ማን ቁጭ ብሎ መሐሉን ያሳጥራል? ስለዚህ የዜና ሰው ዋናውን ነገር ታች አያስቀምጥም። የባህል ገጽ ጸሐፊዎች ግን ጣፋጩን ለመጨረሻ ማቆየት ይወዳሉ። ስንት የሚያምር መጨረሻ በእኔ እጅ ወለል ላይ ወድቋል መሰለሽ። ዛሬም አንዳንዱ ትዝ ይለኛል።

ደሞዝ ደግሞ በነጻ አይሰጥም። በዓሉ በ1974 ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ የሄደው ለሥራ ነው። እዚያ ያየውን በ1975 ኦሮማይ አድርጎ አወጣው። ባለታሪኩ ጸጋዬ ራሱ ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ። እሱም ሥራውን አጣ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አስመራ የላከው መሥሪያ ቤት ባይሆን ኖሮ ያን መጽሐፍ አይጽፈውም ነበር። ሲጽፈው ደግሞ ያው መሥሪያ ቤት አልቻለውም። ስለዚህ «ደሞዝ ይዘሽ ጻፊ» ሲሉሽ ምን መጻፍ እንደምትፈልጊ መጀመሪያ እወቂ።

ሰኔ ሠላሳ | 4፡19

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን አንቀጽዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ጣፋጩን መጨረሻ ላይ ከሚያስቀምጡት ነኝ 🙈

ማታ ጸሐፊ | ረቡዕ ጠዋት 1፡50

እህቴ፣ ትናንት አንብቤ መልሱ በስልክ ስላልሆነልኝ ነው ያደረው።

በፍሪላንስ 12 ዓመት ኖሬያለሁ። አንድ ልብወለድ አሳትሜያለሁ። ሁለተኛውን «እየጻፍኩ ነው» ማለት ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ።

ከገንዘቡ ልጀምር። በጋዜጣና በመጽሔት ጽሑፍ ብቻ የኖርኩት አራት ወር ነው። ከ12 ዓመት አራት ወር። አምስተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት መጽሔቱ ተዘጋ፣ የሦስት ወር ሒሳቤም አብሮ ገባ። አዘጋጁ አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እሱን ነገር እናወራለን» ይለኛል።

ታዲያ በምን ኖርሽ ትይኛለሽ። የጡረተኛ መኮንኖች የሕይወት ታሪክ እያረምኩ። የሥዕል ዐውደ ርዕይ ካታሎግ እየተረጎምኩ። የሬዲዮ ድራማ እየጻፍኩ። አንዴ የሻምፖ ማስታወቂያ ግጥም ጽፌያለሁ፣ ልጆች ሲዘፍኑት ሰምቼ መንገድ ቀይሬያለሁ። ጽሑፍሽ ስም ያመጣልሻል። ስምሽ ሥራ ያመጣል። ገንዘቡ ያለው እዚያ ሥራ ላይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ባልተናደድኩ።

ደረሰኝ ደግሞ አለ። ትልልቅ ቤቶች ያለ ደረሰኝ አይከፍሉም። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጪ፣ ፈቃድሽን አስተካክዪ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሥራ ከመልቀቅሽ በፊት ጨርሺው። እኔ አንድ ክፍያ ለማግኘት ስመላለስ ለታክሲ ያወጣሁት ከክፍያው ሊበልጥ ትንሽ ነው የቀረው።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገርሽ። ዐውደ ርዕይ ሲከፈት፣ መጽሐፍ ሲመረቅ «የትራንስፖርት» ተብሎ ፖስታ ይሰጣል። ደሞዝ እያለሽ «ይቅርብኝ» ማለት ቀላል ነው። ወሩ 27 ሆኖ ካርድ መሙያ ስታጪ ያቺ ፖስታ ትከብዳለች። አንዴ ተቀበልኩ። ቤት ገብቼ ልጽፍ ስቀመጥ እጄ አልሄድ አለኝ። ሥዕሎቹ እኮ ጥሩ ነበሩ! ከምሬ ወድጃቸዋለሁ። ግን «ጥሩ ናቸው» ብዬ ስጽፍ ራሴን አላመንኩትም። ጽሑፉን ተውኩት። ፖስታውን አልመለስኩም። ይኸው፣ ተናዘዝኩ።

አሁን ደግሞ ለምን እስካሁን እንዳልተውኩት።

ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት ለአንድ ጽሑፍ ብዬ ሰባት ማታ ተመላለስኩ። ጽሑፉ 800 ቃል ነው። ማስታወሻዬ ግን 60 ገጽ ሆነ። አዝማሪዋ ከመድረክ ወርዳ በርጩማ ላይ ቁጭ ስትል ጫማዋን ታወልቃለች። ተረከዟ ላይ ፕላስተር አለ፣ በየማታው አዲስ። ግንባሯ ላይ የተለጠፈላትን ብር ሳትቆጥር ለልጇ ትሰጣለች፣ ልጇ በሩ ጥግ የቤት ሥራ ይሠራል። ማሲንቆ መቺው የደጋኑን ጭራ ዕጣን እያሸ «ዛሬ ጋዜጠኛዋ መጣችልን» ብሎ በግጥም ይወጋኛል። ደንበኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ሰባተኛው ማታ ላይ መውጋቱን ተወና ወንበር አመጣልኝ።

800ው ቃል ውስጥ ፕላስተሩ የለም። ልጁም የለም። ቦታ አልነበረውም።

ካዛንቺስ በ2017 ፈረሰ። ታዋቂው አዝማሪ ቤት ፈንድቃም የተነሳው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የፒያሳዋ ዶሮ ማነቂያ ሄዳለች። ያ ሰባት ማታ የተመላለስኩበት ቤት ዛሬ የለም፣ ልሂድና ልየው ብትይ የምታገኚው መንገድ ነው። ልብወለዴ ውስጥ ግን ልጁ አሁንም በሩ ጥግ የቤት ሥራውን ይሠራል። ጋዜጣው 800 ቃሉን ገዛኝ። 60 ገጹን እኔ በነጻ ወሰድኩ። እኔ ይህን ሥራ የምሠራው ለዚያ 60 ገጽ ነው።

ሰኔ ሠላሳ | 2፡15

አለቀስኩ። ቢሮ ነኝ። አለቃዬ «ምን ሆነሽ?» አለኝ፣ «ጉንፋን» አልኩት።

ሰላ ያለ ሂስ | 2፡40

የሚያስለቅስ ነገር እንዳለው አልክድም። ግን አንድ ጥያቄ ተዘለለ። የባህል ጋዜጠኛ ልብወለድ ሲያወጣ ማን ነው የሚሄሰው? ጓደኞቹ ናቸው። እሱም ትናንት የእነሱን መጽሐፍ «ዘመን ተሻጋሪ» ብሎላቸዋል። ያለፈውን ዓመት የባህል ገጾች ብታነቡ ያልተሻገረ መጽሐፍ የለም።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰሎሞን ደሬሳ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕልና ግጥም የጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ሰሎሞን ራሱ ገጣሚ ነው። ሁለቱ የአንድ ዘመን፣ የአንድ መንደር ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ግን ሥራውን ቁጭ ብሎ ያየዋል። እንዲህ መጻፍ የሚችል ሰው ልብወለዱንም ይችላል። ሙገሳ ስትደረድሪ የኖርሽ እንደሆነ ልብወለድሽም ሙገሳ ነው የሚሆነው።

ማታ ጸሐፊ | 3፡02

ሂስ፣ እውነትህን ነው። ያው ሁላችንም ወመዘክር አዳራሽ እሁድ ስለምንገናኝ ነው። ከመድረክ ሲወርድ ፊት ለፊት ታገኘዋለህ፣ ሻይ ይጋብዝሃል፣ ከዚያ ምን ትጽፋለህ? እኔ አሁን የማውቀውን ሰው መጽሐፍ አልገመግምም። አዘጋጆቼ «ታዲያ ማንን ትገመግሚያለሽ?» ይሉኛል።

ሰላ ያለ ሂስ | 3፡06

የአንቺን ልብወለድ እኔ ብገመግመውስ?

ማታ ጸሐፊ | 3፡07

ከዚህ በፊት ገምግመኸዋል። ስምህን አውቀዋለሁ 😄

ሰላ ያለ ሂስ | 3፡30

...

መጽሐፍ በክንዴ | 6፡20

እኔ አዟሪ ነኝ፣ ለገሃር አካባቢ። የተማሩት ስለ ጥበቡ ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ መሸጡ ልንገርሽ።

ሰው መጽሐፍ እንዴት እንደሚገዛ ስንት ዓመት አየሁ። ያነሳል፣ ጀርባውን ያነባል፣ ዋጋውን ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሦስት እርምጃ ሄዶ ከተመለሰ ገዛ ማለት ነው። የጋዜጣ ጸሐፊ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይሄዳል፣ አንባቢዎቹ ይጠይቁኛል። ከዚያ ቀጥ። ኦሮማይ ግን ዛሬም ይጠየቃል፣ ያውም ያኔ ባልተወለዱ ልጆች።

ምክር ከፈለግሽ፦ ብዙ አታትሚ። መስከረም አካባቢም አታውጪ። ሰው ያኔ የሚገዛው ደብተር ነው። ደግሞ ለአከፋፋይ ስትሰጪ በቁጥር አስፈርሚ፣ «እንተዋወቃለን» አትበይ።

ማታ ጸሐፊ | 6፡45

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን እኔ ልመስክር። እኔ «እንተዋወቃለን» ብዬ 400 መጽሐፍ ለአንድ ሰው ሰጠሁ። በየወሩ ስደውል «ገና ነው፣ ገበያው ቀዝቅዟል» ይለኛል። አንድ ቀን ስታዲየም ጋ ከዘረጉት ላይ መጽሐፌን አየሁ። አነሳሁት። ሻጩ «አሪፍ ነው፣ ውሰጂው፣ ሊያልቅ ነው» አለኝ። ቆሜ ሳቅኩ። የቀሩት ቤቴ አልጋ ሥር ናቸው። አልጋው ከመሬት ከፍ ብሏል ይላሉ ሊጠይቁኝ የሚመጡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ማታ 5፡30

ከአሜሪካ ነው። እዚህ ደህና የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ያው ነው። ዲናው መንግሥቱን ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሮሊንግ ስቶን ስለ ዳርፉር ዘገበ። በዓመቱ የመጀመሪያ ልብወለዱ ወጣ፣ ባለታሪኩ እዚሁ ዋሽንግተን ሎገን ሰርክል ሱቅ ያለው ሐበሻ ነው። በ2012 የማክአርተርን ሽልማት አገኘ። ሽልማት፣ ስም፣ ሁሉም አለው። እሱም ቢሆን ኮሌጅ ያስተምራል። እዚህ የማውቃቸው ጸሐፊዎች አብዛኞቹ አንድ ሌላ ነገር ይሠራሉ። እኔም ኡበር እየነዳሁ ነው ይህን የጻፍኩት። (ቆሜ ነው፣ አትጨነቁ።)

ውል ይቅደም | ሐሙስ ጠዋት 3፡15

ጠበቃ ነኝ፣ አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጥረሽ ወይም ታዘሽ የጻፍሽው ሥራ የገንዘብ መብቱ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር የቀጠረሽ ወይም ያዘዘሽ ነው። ስለዚህ ለጋዜጣ ስትጽፊ አንድ መስመር አስገቢ፦ «ጸሐፊዋ ጽሑፉን በመጽሐፍ መልሳ ማሳተም ትችላለች»። በኢሜይልም ቢሆን ይሁን። የስብሐት የጋዜጣ ጽሑፎች «እግረ መንገድ» ተብለው በመጽሐፍ ወጥተዋል። ዛሬ ለቅዳሜ ገጽ ብለሽ የምትጥይው ነገር ነገ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ያንቺ ሆኖ ይቆይ።

እንጀራ ይቅደም | 3፡40

ይሄ ነው ምክር። ከልቅሶው ሁሉ ይሄ ይሻላል።

የቀድሞ አራሚ | 4፡10

ስብሐት ከተነሳ አይቀር፣ ልጄ፣ ስለ 140 ገጽሽ። አራት ዓመት ቆመ ብለሽ አፍረሽ ነው የጻፍሽው። የስብሐት ልብወለድ ሌቱም አይነጋልኝ ስለ አዲስ አበባዋ የመሸታ ሰፈር ስለ ውቤ በረሃ ሌሊት ተጽፎ ለአሥርት ዓመታት በረቂቁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ነው የታተመው። ያኔ እንደወረደ ማን ያትመዋል? ውቤ በረሃም የድሮዋ ውቤ በረሃ ሳትሆን ነው መጽሐፉ የወጣው። የቆመ ረቂቅ ሁሉ የሞተ አይደለም። አንዳንዱ ግን ሞቷል። ያንቺ የትኛው እንደሆነ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው።

ቃል በቃል | 4፡12

+1

ሰኔ ሠላሳ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ 2፡00

ሰላም ቤቶች። ጠፋሁ። ሥራ አልለቀቅኩም፣ እናቴም ደህና ናት። የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ 34 ቀን ነበረኝ፣ ሁሉንም ጠየቅኩ። አለቃዬ «ልታገቢ ነው?» አለኝ። ዝም አልኩት። አሁን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ላገባ እንደሆነ ያውቃል።

እንደ ፍሪላንስ ልሞክረው ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኛሁ። እውነቴን ነው፣ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ እንቅልፍ ነበረብኝ። ሁለተኛው ሳምንት ልብወለዱን ከፍቼ ከ140ው 50 ገጽ ጣልኩ። ከውስጡ «አስገነዘበ» የሚል አገኘሁ። ልብወለድ ውስጥ! አፍቃሪው ለፍቅረኛው «አስገነዘባት»። ሰባት አዲስ ጽፌ አሁን 97 ገጽ ነው።

ለጋዜጣው ደግሞ መርካቶ ስላለ አንድ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ጻፍኩ። በብሩሽ የሚጽፍ፣ የባነር ማተሚያ ያልጨረሰው። አምስት ቀን አብሬው ዋልኩ። የመጽሐፍ መብቷን መስመር በኢሜይል አስገባኋት፣ አዘጋጁ «እሺ» ብቻ ብሎ መለሰ። ቲንም አወጣሁ። ትናንት ወጣ። ስሜ በትክክል ተጽፏል፣ ፎቶውም ጥሩ ነው። ግን ጋሼ፣ ከታች ቆረጡት።

የቀድሞ አራሚ | 2፡09

ስንት መስመር?

ሰኔ ሠላሳ | 2፡10

ዘጠኝ። የመጨረሻው አንቀጽ እንዳለ።

የቀድሞ አራሚ | 2፡11

እዚህ ለጥፊው።

ሰኔ ሠላሳ | 2፡16

«ፊደሉን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጽፈው። ‹ቀ›ን ብቻ ከታች ይጀምራል። መጀመሪያ እግሯን ያቆማል፣ ከዚያ ክቡን በአንድ እስትንፋስ ያዞረዋል። አምስተኛው ቀን ላይ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ብሩሹን ነዳጅ ውስጥ ነክሮ ትንሽ አሰበ። ‹ያስተማረኝ ሰውዬ ግራኝ ነበር› አለኝ። ሰውየው ከሞተ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አላስታወሰም። ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። ‹ቅቤና ማር› ነበር የሚጽፈው።»

ማታ ጸሐፊ | 2፡20

ይህን ነው የቆረጡት???

መጽሐፍ በክንዴ | 2፡24

ሰውየውን አውቀዋለሁ። የእኔንም ጋሪ የጻፈው እሱ ነው።

የቀድሞ አራሚ | 2፡41

ጋዜጣውን ልጄ አምጥታልኝ አሁን አነበብኩት። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን አንቀጽ ነበር የምቆርጠው።